«አውራ ጣቱን ካጣ ወዲህ ከእኛ ጋር አይበላም»

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የ36 ዓመት አናጢ ነው። ከአምስት ወር በፊት በሚሠራበት የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን የቀኝ እጁን አውራ ጣት ቆረጠው። የቀረችው ከመዳፉ ጋር የተያያዘችው አጭር ክፍል ብቻ ናት። የሥራ ጓደኛው የተቆረጠውን ጣት በረዶ ውስጥ ከቶ ይዞት ቢሄድም ሐኪሞቹ መልሰው ሊገጥሙት አልቻሉም። ቁስሉ ድኗል። እሱ ግን የሌለውን ጣት «ያቃጥለኛል፣ ጥፍሬ ይነዝረኛል» እያለ ሌሊት ይነሳል። እናቱ አእምሮው ተነክቷል ብለው ጠበል እንውሰደው ይላሉ። እጁን ከኪሱ አያወጣም፤ ከእኛ ጋር አይበላም፤ ላጎርሰው ስል ይቆጣል። የአራት ዓመቷ ልጃችን እጁን ፈርታ ትሸሸዋለች። የእግር ጣት ተቆርጦ በአውራ ጣት ቦታ ይተከላል የሚባለው እውነት ነው? አሠሪው ደግሞ 20 ሺህ ብር ሰጥቶ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ካልፈረምክ እያለው ነው። ምን ላድርግ? ለእናንተ መጻፌንስ ልንገረው?
የጨነቃት ሚስት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያ ወረቀት አይፈረም። ስለ ሕመሙም ስለ ቀዶ ሕክምናውም እመለስበታለሁ፤ ይህ ጉዳይ ግን ቀን የሚቆጠርበት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ከኃላፊነት የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ካደረሰ ነው፤ ሰክሮ ሥራ መግባትና በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስም እዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ። ባለቤትሽ ከእነዚህ በአንዱም ካልገባ የሕክምና ወጪው፣ ቀዶ ሕክምናውና መድኃኒቱ ጭምር፣ የአሠሪው ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ሰው ሠራሽ አካልም እዚያው ወጪ ውስጥ መግባቱን ነው። ከሥራ ውጭ ሆኖ ሲታከም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል።

ዘላቂ ጉዳቱ ራሱን የቻለ ሌላ ክፍያ አለው። ባለቤትሽ የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥለት የነበረ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና ይሄዳል። ካልነበረ ደግሞ ሙሉ ዘላቂ ጉዳት የዓመት ደመወዝን አምስት እጥፍ ያስከፍላል፤ ከፊል ጉዳት በመቶኛው ልክ ይሰላል። መቶኛውን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ እንጂ አሠሪው አይደለም። በምሳሌ ላሳይሽ፦ ደመወዙ በወር 8 ሺህ ብር ቢሆንና ቦርዱ ጉዳቱን 20 በመቶ ነው ቢል፣ የዓመቱ 96 ሺህ፣ አምስት እጥፉ 480 ሺህ፣ የዚያ 20 በመቶ 96 ሺህ ብር ይሆናል። አሁን ከተሰጣችሁ 20 ሺህ ጋር አስተያዪው። የተሰጠውን ብር በደረሰኝ መቀበል ይቻላል፤ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚለውን ቃል ግን ጠበቃ ሳያየው ማንም እንዳያስፈርመው። አምስት ወር አልፏል፤ የሥራ ክርክር ክስ ደግሞ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ መክሰስ አይቻልም ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሕክምና ማስረጃውን ኮፒ አድርጋችሁ በክፍለ ከተማችሁ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

አሁን ወደ ሌሊቱ ሕመም። ባለቤትሽ አእምሮው አልተነካም። አካላቸው የተቆረጠባቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሌለው አካል እንዳለ ይሰማቸዋል፤ ብዙዎቹንም ያማቸዋል። ጣቱ ቢሄድም ለጣቱ የተመደበው የአንጎል ክፍል ሥራውን አላቆመም፤ የተቆረጠው ነርቭ ጫፍም ያልተስተካከለ መልእክት ይልካል። አንጎል ያንን መልእክት የሚተረጉመው በድሮው አድራሻ ነው፤ ጥፍሩን የሚነዝረው ለዚህ ነው። አማትሽን አትጋፊያቸው፤ ልጃቸው ተጎድቶባቸው የጨነቃቸው እናት ናቸው። ጠበል መሄዱንም አልከለክልም። ግን «ታመመ እንጂ አልታወከም» ብለሽ በእሱ ፊት ንገሪያቸው፤ እሱ ራሱ ሳያብድ አይቀርም ብሎ ፈርቶ ይሆናል። ይህን ፍርሃት ብዙ ታካሚ ቀድሞ አይናገረውም፤ ሲነገረው ግን ፊቱ ሲፈታ አያለሁ።

አንድ ነገር ለይታችሁ ተመልከቱ። የቀረችውን ክፍል ጫፍ በጣት ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርገው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው የሚያስደነግጠው ከሆነ፣ የተቆረጠው ነርቭ ጫፉ ላይ ተቋጥሮ ይሆናል። እሱ በምርመራ የሚለይ፣ ካስፈለገም በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው። አጠቃላይ ማቃጠልና መንዘር ከሆነ ግን ሐኪም እንደ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ያለ ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ፓራሲታሞል እየደጋገመ ቢውጥ እምብዛም አይረዳውም።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ሥራ ከመድኃኒቱ አያንስም። ጠባሳውን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ቫዝሊን ቀብቶ ለአምስት ደቂቃ ያህል ጠበቅ አድርጎ በክብ ይሸው። ከዚያ ቆዳውን ማስለመድ ነው፦ መጀመሪያ በባዘቶ ጥጥ፣ ሲለምደው በነጠላ፣ ከዚያ በሻካራ ፎጣ ይሹት። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ስለዳነ በሳህን ጤፍ አቅርቢለትና እጁን ከቶ ያማስለው፤ ከሳምንት በኋላ ምስር፣ ቀጥሎ ሽምብራ ይሁን። መጀመሪያ ጤፉ እንኳ እንደ እሾህ ሊወጋው ይችላል። ጥርስ ነክሶ መቻል ሳይሆን የሚችለውን ያህል በየቀኑ መደጋገም ነው የሚሠራው።

የመስታወቱ ልምምድ ደግሞ አለ። መካከለኛ መስታወት ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አቁሙ፤ ቀኝ እጁ ከመስታወቱ ጀርባ ይደበቅ፣ ግራው ከፊት ይሁን። መስታወቱ ውስጥ የሚታየው የግራ እጁ ምስል በቀኙ ቦታ አምስት ጣት ያለው ሙሉ እጅ ሆኖ ይታየዋል። እያየው አውራ ጣቱን ቀስ ብሎ ይዘርጋ፣ ይጠፍ፣ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አንድ በአንድ ያገናኝ። በቀን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ለጥቂት ሳምንታት ከተደረገ ብዙዎችን ያቀልላቸዋል። የመጀመሪያ ቀን ሊያስለቅሰው ይችላል። ያን ቀን ይቁም፤ በማግሥቱ ይሞክር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ኪሱ ነው። እጁን ኪስ ውስጥ የሚከተው ከሰው ዓይን ለመደበቅ እንደሆነ ይገባኛል፤ ጉዳቱ ግን ከኀፍረቱ ያልፋል። የአውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ እንደ ኮርቻ ተቀርጾ ወደ ብዙ አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ነው፤ አውራ ጣትን ከሌሎቹ ፊት ለፊት የሚያቆመው እሱ ነው። በሕክምና ምዘና አውራ ጣት ከእጅ ሥራ 40 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ የሚቆጠረውም በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤትሽ ያ መገጣጠሚያና ዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ቀርተውለታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እጁ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ሲውል ግን በቀረችው ክፍልና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ቆዳና ሥጋ ይኮማተራል፤ ቀሪዋም ወደ መዳፉ ተጣብቃ ትደርቃለች። ያ ክፍተት ከጠፋ ብርጭቆ መያዣ አይኖረውም፤ ወደፊት ቀዶ ሕክምና ቢፈልግም መጀመሪያ ያንኑ መክፈት ግድ ይሆናል። ስለዚህ በቀን ብዙ ጊዜ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያ ክፍተት ይያዝ፦ መጀመሪያ የግማሽ ሊትሩን፣ ከዚያ ወፈር ያለውን። ማታ የሚደረግ ክፍተቱን የሚጠብቅ ድጋፍ በፊዚዮቴራፒ ክፍል ሊሠሩለት ይችላሉ። ሲበርደው ደግሞ ኪስ ሳይሆን የሱፍ ጓንት ያድርግ፤ የተቆረጠ ጣት ብርድ አይችልም፣ በተለይ የመጀመሪያው ክረምት ይከብደዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ የጣት ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ሕመሙንም ብርዱንም ያብስበታል።

ስለ መብላቱ። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ አንድ ላይ አዶኒቤዜቅ የእጅና የእግር አውራ ጣታቸውን የቆረጣቸው ሰባ ነገሥታት ከገበታው በታች ፍርፋሪ ይለቅሙ እንደነበር ይናገራል። አውራ ጣት የሌለው ሰው ጦር አይጨብጥም፤ ንጉሥን ከጦርም ከማዕድም ያወረዱት በዚህ ነው። ባለቤትሽም ጓዳ ውስጥ ብቻውን ሲበላ የሚሰማው እንዲህ ያለ ውርደት ይመስለኛል። አንቺ ስታጎርሺው ደግሞ ፍቅርሽ ለእሱ «አትችልም» ተብሎ ነው የሚተረጎምለት። ጉርሻ በእኛ ዘንድ ለሚወዱት ሰው የሚሰጥ ነው እንጂ መብላት ላቃተው አይደለም፤ እሱም ልዩነቱን ያውቀዋል። ለጥቂት ጊዜ ማጉረሱን ተዪና እሱ እንዲያጎርስሽ ጠይቂው።

እንዴት ያጎርሳል ካልሽ፣ እንዲህ ነው። እንጀራውን በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ ጎን መካከል ቆንጥጦ ይቆርሳል፤ ወጡን ጠቅልሎ በእነዚያው ሁለት ጣቶች ጨብጦ ያነሳል። ለትልቅ ጉርሻ ደግሞ የቀረችውን ክፍል ሌባ ጣቱ ላይ ከጎን ይጫናት። መጀመሪያ ይንጠባጠባል፣ እንጀራውም ይቀደዳል። ስለዚህ ለመለማመጃ ቀጭን ወጥ አትሥሪ፤ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ክክ ወይም ምስር ይሻላል፤ እንጀራውም የዕለቱ ለስላሳ ይሁን፣ የደረቀው ይሰበርበታል። ጥቂት ቀን ሁለታችሁ ብቻ ብሉ፤ ከዚያ ልጃችሁ ትጨመር፣ ከዚያ እናቱ። ቢያፈስ ዝም በሉ፤ «አይዞህ» እንኳ አትበሉት። በዚያች ሰዓት የሚያሳፍረው ሁሉም እጁን ማየታቸው ነው።

ሌላውንም ነገር በዚሁ መንገድ አመቻቺለት። የማንኪያና የቢላ እጀታ ላይ ጎማ ወይም ጨርቅ ጠቅልይበት፤ ወፍራም እጀታ በአራት ጣትና በመዳፍ በደንብ ይያዛል። በበሩ ቁልፍ ራስ ላይ ባለው ቀዳዳ ጠንካራ የእንጨት ወይም የብረት ዘንግ አሳልፉበትና በእሱ ያዙረው። እስክሪብቶን በሌባና በመሃል ጣት መካከል አስገብቶ መጻፍ ቶሎ ይለመዳል። የሸሚዙን ቁልፍ ለጊዜው በግራ እጁ ይቆልፍ። ለባንክና ለመታወቂያ አሻራ እንዳይጨነቅ፤ ፋይዳ ላይ አሥሩም ጣት፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ስለሚወሰድ በአንድ ጣት መጥፋት ከምዝገባ አይቀርም።

ልጅሽ የምትፈራው ያልተነገራትን ነው። «የአባባን ጣት ማሽን ቆረጠው፤ አሁን ድኗል» በያትና ቫዝሊኑን እሷ ትቀባው። የአራት ዓመት ልጅ ሥራ ከተሰጣት መፍራቷን ትረሳለች፤ ለእሱም በልጁ እጅ መነካት ከየትኛውም ማሸት የበለጠ ይጠቅመዋል።

የእግር ጣት ነገር እውነት ነው፤ አዲስም አይደለም። ኒኮላዶኒ የሚባል ኦስትሪያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ የበሽተኛውን እጅ ከእግሩ ጋር ለሳምንታት አስሮ የእግር ጣት ወደ እጅ አዛውሯል። ዛሬ እንዲያ አይታሰርም፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ በማይክሮስኮፕ እየታየ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ደም ሥሩና ነርቩ ይሰፋል። ኮቤት የተባለው ሐኪም እንግሊዝ አገር ውስጥ ትልቁን የእግር ጣት በአውራ ጣት ቦታ የተከለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የሚወስዱት ትልቁን ወይም ሁለተኛውን የእግር ጣት ነው። ሁለተኛው ሲወሰድ እግሩ ብዙም አይጎዳም፤ ትልቁ ግን ይበልጥ አውራ ጣት ይመስላል፣ የበለጠ ጉልበትም አለው።

ይህ ማለት ግን ለባለቤትሽ የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው ማለት አይደለም። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ የተሰፋው ደም ሥር ከተዘጋ ጣቱ ሊሞት ይችላል፤ ነርቭ ደግሞ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ስሜቱ እስኪመለስ ወራት ይጠብቃል። ከዚያ በፊት ሌሎች መንገዶች አሉ። በቀረችው ክፍልና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ክፍተት በቀዶ ሕክምና ጠልቆ እንዲገባ ማድረግ አንዱ ነው፤ ቀሪዋ ሳትረዝም የረዘመች ያህል ትጠቅማለች። አጥንቱን ቆርጦ ከውጭ በሚታሠር ብረት በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እየሳቡ ማስረዘምም አለ። ሌባ ጣትን ወደ አውራ ጣት ቦታ ማዞር የሚባለው ግን በዋነኛነት የአውራ ጣቱ ሥር ጭምር ለሌላቸው ነው፤ እሱ ሥሩ ስላለው ማንም ቢያቀርብለት ሌላ ሐኪም ጭምር ይጠይቅ። የሲሊኮን ሰው ሠራሽ ጣት ለዓይን ደስ ይላል፣ አንዳንዱንም ነገር ለመደገፍ ይረዳል፤ ስሜት ግን የለውም።

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ሦስትና አራት ወር እጁን በደንብ ያሠራ፤ ከዚያ የማይችለው ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል፤ ቀዶ ሕክምናውም ለዚያ ነገር ይመረጣል። «ሰው እንዳያየኝ» ብሎ የሚገባበት ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ አያረካም፤ «መዶሻ ልይዝ፣ ምስማር ልቆነጥጥ» ብሎ የገባበት ሰው ግን ለልምምዱም ይተጋል። ምክክሩን ግን አሁኑኑ ጀምሩ። የካቲት 12 ሆስፒታልና አለርት የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍል አላቸው። አለርት በሥጋ ደዌ የተጎዱ እጆችን በማከም የቆየ ልምድ ስላለው እጅን መልሶ ማሠራት ለእነሱ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያውን የኤክስሬይ ፊልም ይዛችሁ ሂዱ፤ «ከቀረው አጥንት ምን ያህሉ አለ? የሥሩ መገጣጠሚያ ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጓደኛው ጣቱን በረዶ ውስጥ በመክተቱ የሚወቅሰው ካለ ይተወው፤ ማሽን የጨፈለቀው ጣት በጥሩ ሁኔታ ቢያዝም ብዙ ጊዜ መልሶ ለመስፋት አይመችም። ይህን ዓምድ የሚያነብ የማሽን ሠራተኛ ሁሉ ግን ይስማ። የተቆረጠ ጣት በቀጥታ በረዶ አይነካም፣ ውሃም ውስጥ አይነከርም፤ በረዶ ሥጋውን ያቃጥለዋል። በሐኪም ቤት በከረጢት በሚመጣው ንጹሕ የጨው ውሃ፣ ካልተገኘም በንጹሕ ውሃ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ውሃ በማያስገባ ፌስታል ይታሰራል፤ ፌስታሉ በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። የሚደማውን እጅ በጨርቅ ተጭኖ ከፍ አድርጎ መያዝ ነው እንጂ በገመድ ማነቅ አይገባም። በደንብ የቀዘቀዘ ጣት ለብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ሙቀት ውስጥ ያለው ግን ቶሎ ይበላሻል። ሐኪም ከጣት ሁሉ አስበልጦ መልሶ ሊሰፋ የሚደክምለት አውራ ጣትን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ናራ ውስጥ ኮማትሱና ታማይ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ጣት መልሰው ሲሰፉም አውራ ጣት ነበር።

ሥራውን በተመለከተ፣ አናጢነቱ አላበቃም። መለካት፣ መንደፍ፣ ማለስለስ፣ ቀለም መቀባት ቀድሞ የሚመለስበት ነው። መዶሻ በወፍራም እጀታ በአራት ጣት ይያዛል፤ ምስማሩን በፒንሳ ወይም በልብስ መቆንጠጫ ይዞ ይመታል። ወደ መሰንጠቂያው ማሽን ግን ጨብጦ መያዙ በፊዚዮቴራፒስት ሳይለካ፣ ማሽኑም መከለያና እንጨት መግፊያ ሳይኖረው አይመለስ። ሌሊት የሚያነሳው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የማሽኑ ድምፅ በሕልሙ እየመጣ ከሆነ፣ ወይም መኖር አስጠላኝ ማለት ከጀመረ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰጂው፤ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ ያለ ቦታ ነው።

መጻፍሽን ንገሪው። ደብቀሽ በብልሃት ልታሻሽይው ብትሞክሪ ያውቅብሻል፤ በሌለበት የተወራበት ያህልም ይሰማዋል። ይህን መልስ ራሱ ያንብበው፤ ስለ ቀዶ ሕክምናው ያለውን ክፍል አንቺ አትተርጉሚለት፤ እጁ የእሱ ነውና ምርጫውም የእሱ ነው። የወረቀቱን ጉዳይ ግን አብራችሁ ሂዱበት፤ ጽሕፈት ቤቱ የሕክምና ማስረጃውን፣ የደመወዙን ማስረጃና አደጋው የደረሰበትን ቀን ይጠይቃችኋል።